ከስንዴው ሥር የወጣው ጨው
የምዕራብ አውስትራሊያ ገበሬዎች ፈተና ለእኛ ምን ያስተምረናል?



ባሕር ዛፍን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አለ ለማለት ይከብዳል። ለማገዶ እንቆርጠዋለን፣ ለማገርና ለምሰሶ እንጠቀምበታለን፣ ጉንፋን ሲይዘን ቅጠሉን አፍልተን እንታጠነዋለን። ይሁን እንጂ ስሙ በተነሣ ቁጥር አብሮት የሚነሣ አንድ ወቀሳ አለ። "ውኃ ይመጣል፣ ጉድጓድ ያደርቃል፣ ከአጠገቡ እህል አያበቅልም" ይባላል። ወቀሳው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ዛፉ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የገባ እንግዳ ሲሆን፣ ጠጪነቱም እውነት ነው።

ነገር ግን ይህ ዛፍ በተፈጠረበት አገር፣ በአውስትራሊያ፣ ይኸው የምንወቅሰው ጠጪነቱ ለመሬቱ ጥበቃ ነበር ቢባል ምን ትላላችሁ? ዛፉ ተቆርጦ ባለቀበት ሥፍራ ከምድር ሆድ የወጣው ውኃ ጨው ይዞ ወጣና ስንዴ ይታፈስበት የነበረውን ማሳ ነጭ በረሃ አደረገው። በዚህ ወር ጽሑፋችን የምናነሣው ይህንኑ ጉዳይ ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ቢመስልም በውስጡ የአባትና የልጅ፣ የጎረቤትና የጎረቤት፣ የዛሬና የነገ ጉዳይ ስላለበት ቤተሰብ ተሰብስቦ ሊወያይበት የሚገባ ሆኖ አግኝተነዋል። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የስንዴው አገር

ከፐርዝ ከተማ በስተ ምሥራቅ በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚቆጠር ስፋት ያለው ሜዳማ አገር አለ። "ዊትቤልት" ይሉታል፤ የስንዴ ቀበቶ ማለት ነው። ከብዙ ሺህ ዓመታት ጀምሮ የኑንጋር ሕዝብ ይኖርበት የነበረ፣ በልዩ ልዩ የባሕር ዛፍ ዓይነቶችና በቁጥቋጦ የተሸፈነ ምድር ነበር። ዝናቡ መካከለኛ ነው፤ በአብዛኛው ሥፍራ በዓመት ከ300 እስከ 600 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ነው። የሚዘንበውም በዋነኛነት በእነሱ ክረምት፣ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ነው።

በዚህ ምድር ደቡባዊ ክፍል፣ ከፐርዝ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ካታኒንግ የምትባል ከተማ አለች። አንባቢዎቻችን ይህችን ከተማ ቢያስታውሷት መልካም ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት ከክሪስማስ ደሴትና ከኮኮስ ደሴቶች የመጡ የማላይ ሙስሊሞች በከተማዋ ቄራ ለሐላል እርድ ሥራ ሰፈሩ፤ በ1980 አካባቢም የራሳቸውን መስጊድ ሠሩ። ዛሬ በዚያ የስንዴና የበግ አገር አዛን ይሰማል፣ ዒድ ይከበራል። እኛ ስለ ጨው ስንጽፍ እንግዲህ ስለ ባዕድ ብቻ አይደለም የምንጽፈው። ካታኒንግ ራሷ ከከተማዋ ሥር የጨው ውኃ ወደ ላይ ከመጣባቸውና በግድግዳና በመንገድ ላይ ጉዳት ያስከትላል ተብሎ ጥናት ከተደረገባቸው ከተሞች አንዷ ናትና።

ጨው ከየት መጣ?

ብዙ ሰው የእርሻ መሬት ጨው ሆነ ሲባል መስኖ ይመስለዋል። የመስኖ ጨው አለ፤ በኋላ እንመለስበታለን። የዊትቤልት ገበሬ ግን አንድ ባልዲ ውኃ ወደ ማሳው አላመጣም። የሚያርሰው በሰማይ ዝናብ ብቻ ነው። ታዲያ ጨው ከየት መጣ?

መልሱ ከባሕር ነው። ከውቅያኖስ የሚነሣው ንፋስና ደመና በጣም ጥቂት ጨው ይዞ ይመጣል፤ ዝናቡም ያንን ጨው በምድሩ ላይ ያራግፋል። በአንድ ዓመት በአንድ ሄክታር ላይ የሚወርደው ወደ መሀል አገር በገባን መጠን ጥቂት አሥር ኪሎዎች ብቻ ነው። በምግብ ላይ እንደሚነሰነስ ጨው ያህል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን ይህ በብዙ ሺህ ዓመታት ሲባዛ በእያንዳንዱ ሄክታር ሥር በመቶዎችና በሺዎች ቶን የሚቆጠር ክምችት ሆነ።

ታዲያ ዛፎቹ እንዴት ኖሩበት? እዚህ ላይ ነው የአላህ (ሱ.ወ) ጥበብ የሚታየው። ባሕር ዛፉ ሥሩን ብዙ ሜትር ወደ ታች ይሰዳል፤ ክረምት ከበጋ አይተኛም፤ የዘነበውን ዝናብ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይጠጣና በቅጠሉ በኩል ወደ አየር ይመልሰዋል። ውኃው ወደ ታች ስለማይሰርግ ጨው በተኛበት ንብርብር አፈር ውስጥ እንደተኛ ይቀራል። የተኛውን የሚቀሰቅሰው ጠፋ ማለት ነው።

ዛፉ ተመንጥሮ በምትኩ ስንዴ ሲዘራ ነገሩ ተገለበጠ። ስንዴ ሥሩ አጭር ነው፤ የሚኖረውም ስድስት ወር ገደማ ነው። ኅዳር ላይ ታጭዶ መሬቱ ባዶውን ሲቀር በበጋ የሚጥለውን ዝናብ የሚጠጣ ሥር የለም። ስለዚህ ከዝናቡ የተወሰነው ክፍል በየዓመቱ ወደ ታች መስረግ ጀመረ። የከርሰ ምድር ውኃውም በአብዛኛው በዓመት ከ10 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል እየጨመረ፣ በመንገዱ ያገኘውን ጨው እያሟሟ ወደ ላይ ወጣ።

ውኃው ከመሬቱ ገጽ ሁለት ሜትር ያህል ሲቀረው አደጋው ይመጣል። የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስብ ሁሉ አፈሩም ውኃውን ወደ ላይ ይስበዋል። ፀሐይ ውኃውን ትወስዳለች፤ ጨው ግን የትም አይሄድም። በመጀመሪያ ስንዴው ይቀጭጫል፣ ቀጥሎ ጨውን በተሻለ የሚቋቋመው ገብስ ይከተላል፣ በመጨረሻም መሬቱ ነጭ ቅርፊት ለብሶ ራቁቱን ይቀራል። በአንዳንድ ሸለቆዎች የሚወጣው ውኃ ከባሕር ውኃ የበለጠ ጨዋማ ነው።

የባቡር መሐንዲሱ ያየው

"እነዚህ ሰዎች ይህን ሳያውቁ ነው የመነጠሩት" የሚል አንባቢ ይኖራል። መጀመሪያ ላይ አዎን፣ አላወቁም። ነገር ግን ምልክቱ ቀደም ብሎ ታይቶ ነበር። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፐርዝ አጠገብ ላለው የማንዳሪንግ ግድብ ብዙ ውኃ እንዲጠራቀም ተብሎ በዙሪያው ያሉት ዛፎች ቅርፊታቸው ዙሪያውን ተልጦ ቆመው እንዲደርቁ ተደረገ። ውኃው ግን ጨዋማነቱ ጨመረ። ደኑ ተመልሶ እንዲያድግ ሲተውት ሁኔታው ተሻሻለ።

በ1924 ደግሞ ውድ የሚባል የባቡር መሐንዲስ ጉዳዩን በጽሑፍ አወጣው። የዚያን ጊዜ ባቡር በእንፋሎት የሚሄድ ስለነበረ ለማፍያ ጋኑ ንጹሕ ውኃ ያስፈልገዋል። መሐንዲሱ ጅረቶችና ኩሬዎች ጣፋጭ የነበሩት በየተራ ጨዋማ ሲሆኑ ተመለከተ፤ ይህም ዛፍ ከተመነጠረ በኋላ የሚከተል መሆኑን አስተዋለ። ምክንያቱንም ዛሬ ሊቃውንት በሚያስረዱበት መንገድ አስረዳ።

ማን ሰማው? ከእርሱ በኋላ ለስልሳ ዓመታት ያህል ምንጠራው ቀጠለ። መንግሥት መሬት የሰጠው ሰው መሬቱን "ማልማት" ግዴታው ነበር፤ ልማት ማለት ደግሞ መመንጠር ነበር። በ1960ዎቹ "በዓመት አንድ ሚሊዮን ኤከር" የሚል መፈክር ነበር። ከጦርነት ለተመለሱ ወታደሮችም በዚሁ መንገድ መሬት ተሰጣቸው። እነዚህ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ልጆቻቸውን ለማሳደግ በድንኳንና በቆርቆሮ ቤት እየኖሩ ላባቸውን ያፈሰሱ ሠራተኞች ነበሩ።

እስቲ አንድ ቤተሰብ በሐሳባችን እንሳል። አያትየው በ1950ዎቹ ዛፉን መነጠረ፣ ጥሩ ምርትም አፈሰ። አባትየው በ1970ዎቹ ከታች ያለው ማሳ ጥግ ላይ ገብሱ እንዳልበቀለ አየ፤ "ዝናቡ በዝቶ ነው" ብሎ አለፈው። ዛሬ የልጅ ልጁ ከሸለቆው ውስጥ ያለውን ማሳ ሙሉ በሙሉ ትቶታል። ከመንጠር እስከ ጨው መውጣት ሃያ፣ ሠላሳ፣ አልፎ ተርፎም ሃምሳ ዓመት ይወስዳልና በልቶ የጠገበው አንዱ፣ ዕዳውን የሚከፍለው ሌላው ሆነ። የጉዳዩ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው።

የአውስትራሊያ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በ2002 ገበሬዎችን ጠይቆ ባወጣው ውጤት በመላ አገሪቱ ወደ 2 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ የእርሻ መሬት የጨው ምልክት ታይቶበታል፤ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው፣ 1.2 ሚሊዮን ሄክታር ያህሉ፣ በምዕራብ አውስትራሊያ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣ አገር አቀፍ ግምገማ ደግሞ ለአደጋ የተጋለጠው መሬት 5.7 ሚሊዮን ሄክታር መሆኑን፣ በ2050 ወደ 17 ሚሊዮን ሊደርስ እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። በ2000 መንግሥት ለሰባት ዓመት የሚቆይ የ1.4 ቢሊዮን ዶላር ዕቅድ ያወጣው ከዚህ ሥጋት የተነሣ ነው።

ዝናቡ ሲቀንስ

ከዚህ በኋላ ያልተጠበቀ ነገር መጣ። ወይም የመጣውን ነገር ሰዉ ዘግይቶ አስተዋለ። ከ1970 ወዲህ በደቡብ ምዕራብ አውስትራሊያ የክረምቱ ዝናብ ቀንሷል፤ ከግንቦት እስከ ሐምሌ ባለው ዋና የዝናብ ወቅት ቅናሹ 20 በመቶ ገደማ ደርሷል። ሊቃውንት ምክንያቱን በአብዛኛው ከምድር ሙቀት መጨመር ጋር ያያይዙታል። ወደ ፐርዝ ግድቦች የሚገባው ውኃ እጅግ ከመመናመኑ የተነሣ ከተማዋ ከ2006 ጀምሮ የባሕር ውኃ አጣርታ ለመጠጣት ተገድዳለች።

እንግዲህ እናስብ። የችግሩ ምንጭ ወደ ታች የሚሰርገው ዝናብ ከሆነ ዝናቡ ሲቀንስ ችግሩም ይቀንሳል ማለት ነው? በከፊል እንዲያ ሆኗል። በተለይ በሰሜኑ የዊትቤልት ክፍል በብዙ የመመልከቻ ጉድጓዶች ውስጥ የከርሰ ምድር ውኃው ከ2000 ወዲህ መውጣቱን አቁሟል፣ አንዳንዱም ወርዷል። ያ አስፈሪ የ2050 ትንበያም በተባለው ፍጥነት አልሄደም።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ "እሰይ፣ ድርቁ ገላገለን" ይል ይሆናል። ይህ ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ ምክንያቱንም አንድ በአንድ እንይ።

አንደኛ፣ ውኃው ቢወርድም ጨው አልወረደም። ቀድሞ ወደ ላይ የወጣው ጨው በላይኛው አፈር ውስጥ ተቀምጧል፤ አጥቦ ወደ ታች የሚያወርደው ጥሩ ዝናብ ደግሞ ጠፍቷል።

ሁለተኛ፣ ዝናቡ በአማካይ ቀነሰ እንጂ ከባድ ዝናብ ጨርሶ አልቀረም። በበጋ፣ ማሳው ባዶውን ባለበት ሰዓት፣ አንድ ከባድ ጎርፍ ሲመጣ ለዓመታት የወረደውን ውኃ በጥቂት ሳምንታት ተመልሶ እንዲወጣ ሊያደርገው ይችላል።

ሦስተኛ፣ በደቡቡና በመካከለኛው ክፍል ገና በቅርብ በተመነጠሩ አካባቢዎች ውኃው አሁንም እየጨመረ ያለባቸው ሥፍራዎች አሉ።

አራተኛው ከሁሉም የሚያሳዝነው ነው። በ2019 እና በ2020 የገበሬዎቹ ኩሬዎች ደርቀው መንግሥት በአንዳንድ ወረዳዎች ለከብት የሚጠጣ ውኃ በመኪና ለማመላለስ ተገድዶ ነበር። ከእግራቸው ሥር ውኃ ሞልቷል፤ ግን በግ አይጠጣውም። ከላይ ጥም፣ ከታች ጨው ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ድርቁ መፍትሔ ሆኖ አልመጣም፤ ቢበዛ የተራዘመ ቀጠሮ ነው። ቀጠሮ የተራዘመለት ባለ ዕዳ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ተኝቶ ይጠብቃል፤ ሌላው ተነሥቶ ይሠራል።

ምን እየተሠራ ነው?

የሚሠራው ሥራ በሦስት ይከፈላል፤ ውኃው ወደ ታች እንዳይሰርግ ማድረግ፣ የወጣውን ውኃ ማስወገድ፣ ከጨው ጋር መኖርን መማር።

የመጀመሪያው ዓመት ከዓመት የሚቆይ ተክል መመለስ ነው። ገበሬዎች አልፋልፋን ለሦስትና ለአራት ዓመት ይዘሩና ከዚያ ወደ ስንዴ ይመለሳሉ፤ የአልፋልፋ ሥር ጥልቅ ስለሆነ አፈሩን ያደርቀዋል፣ በጎችም ይበሉታል። በአሸዋማ መሬት ላይ በእኛም ደጋማ አካባቢዎች ለከብት መኖ የሚተከለውን ትሪ ሉሰርን ይተክላሉ። በማሳው መካከል ደግሞ አጫጭር የባሕር ዛፍ ዓይነቶችን በረድፍ እየተከሉ በረድፎቹ መካከል እህል ይዘራሉ። ከቅጠላቸው ዘይት፣ ከግንዳቸው ከሰልና ኤሌክትሪክ ለማውጣት በናሮጂን ከተማ የሙከራ ጣቢያ ተሠርቶ ነበር። ነገር ግን ገበያው እንደታሰበው አልደራም። ከዚህም ሌላ ጥናቶች እንዳሳዩት ጉልህ ለውጥ ለማምጣት በብዙ ሥፍራ ከመሬቱ ግማሽ በላይ የሚሆነውን በዛፍ መሸፈን ያስፈልጋል። ስንዴ እየሸጠ ልጆቹን የሚያስተምር አባት የማሳውን ግማሽ ለዛፍ ይስጥ ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

ሆኖም በተሳካበት ቦታ የተገኘው ውጤት ልብ ያሞቃል። በደቡብ ጠረፍ አቅራቢያ የሚፈሰው የዴንማርክ ወንዝ ጨዋማ እየሆነ በመሄዱ በ1978 በተፋሰሱ ውስጥ ዛፍ መመንጠር በሕግ ተገደበ። ቀጥሎም ብዙ የእርሻ መሬት በባሕር ዛፍ ተሸፈነ። በብዛት የተተከለውም ሌላ ሳይሆን በእንጦጦና በአዲስ አበባ ዙሪያ የምናውቀው ነጭ ባሕር ዛፍ ነው! ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ወንዙ ለመጠጥ እስከሚሆን ድረስ ተመለሰ። እዚህ በጠጪነቱ የተወቀሰው ዛፍ እዚያ በጠጪነቱ ወንዝ አዳነ። አንድ ነገር ጥሩ ወይም መጥፎ የሚሆነው በቦታውና በልኩ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘንም።

ሁለተኛው ሥራ ውኃውን ማስወገድ ነው። ከተዳፋቱ ላይ የሚወርደውን ንጹሕ ጎርፍ ሸለቆው ውስጥ ገብቶ ከመበላሸቱ በፊት በእርከንና በቦይ ወደ ኩሬ መምራት አለ፤ ይህ በደረቅ ዘመን ሁለት ጥቅም አለው፤ ጨውን ይቀንሳል፣ የመጠጥ ውኃም ያስገኛል። ከዚህም በላይ ውኃ የተኛበት ሥር አየር ስለሚያጥረው ጨውን መከላከል ያቅተዋል፤ ውኃ መተኛትና ጨው አንድ ላይ ሲመጡ ጉዳቱ እጥፍ ነው። ሌሎች ደግሞ ሁለትና ሦስት ሜትር የሚጠልቅ ቦይ ቆፍረው የከርሰ ምድሩን ውኃ ያንጠፈጥፋሉ። አንዳንዱ መሬት በዚህ ድኗል። ወጪው ግን ከባድ ነው፤ የሚወጣውም ውኃ ጨው ብቻ ሳይሆን በብዙ ቦታ አሲድ ያለበት ነው።

ሦስተኛው ከጨው ጋር መኖር ነው። ይህ ሽንፈት ይመስላል፤ ግን አይደለም። ጨው የገባበትን ማሳ በመጀመሪያ በአጥር ይለዩታል፤ ከብት እየረገጠው ራቁቱን እንዳይቀር ነው። ከዚያ ሶልት ቡሽ የሚባለውን ጨው የሚችል ቁጥቋጦ በረድፍ ይተክላሉ። በመካከሉም ጨው የሚቋቋም ሣር ይበቅላል። በጎቹ ሣር በሚጠፋበት ወቅት ወደዚህ ይገባሉ። የቁጥቋጦው ቅጠል ብዙ ጨው ስላለበት በጉ እርሱን ብቻ በልቶ አይኖርም፤ ገለባና ንጹሕ ውኃ በብዛት ሊቀርብለት ይገባል። ሲ.ኤስ.አይ.አር.ኦ. የተባለው የአገሪቱ የምርምር ድርጅት በጎች ከሚመርጡት መካከል ለይቶ "አናሜካ" የተባለውን ዝርያ አውጥቷል። ተክሉ መሬቱን ይሸፍናል፣ ውኃውን ትንሽ ዝቅ ያደርጋል፣ ነጩ መሬትም አረንጓዴ ይሆናል።

በዘር በኩልም ሥራ አለ። የዚሁ ድርጅትና የአደላይድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከጥንታዊ የስንዴ ዘመድ የተገኘ አንድ ባሕርይ በማዳቀል ወደ ማካሮኒ ስንዴ አስገብተው፣ ሶዲየም ወደ ቅጠሉ እንዳይወጣ ከሥሩ ዘንድ የሚያስቀር ስንዴ ማግኘታቸውን በ2012 አሳትመዋል። በጨዋማ መሬት ላይ ምርቱ እስከ 25 በመቶ ይበልጥ ነበር። ይህ ግን መጠነኛ ጨው ላለበት መሬት ነው። ነጭ ቅርፊት በለበሰ መሬት ላይ የሚበቅል ስንዴ እስካሁን የለም።

ታዲያ የበጉም ነገር ዋስትና የለውም። ከዚያ አገር ለብዙ ዓመታት በመርከብ ወደ ኩዌትና ወደ ሌሎች የዐረብ አገሮች በግ ይሄድ ነበር፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ለዒድ ገበያ ያዩት በግ ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። የአውስትራሊያ ፓርላማ በ2024 ባወጣው ሕግ ግን በጎችን በሕይወታቸው በመርከብ መላክ ከግንቦት 1 ቀን 2028 ጀምሮ ይከለከላል። የእንስሳቱን ስቃይ ለማስቀረት ነው የተባለው። የበግ ዋጋ ከቀነሰ ደግሞ ገበሬው በጨዋማ መሬቱ ላይ ቁጥቋጦ ለመትከል የሚነሣሣበት ምክንያት ሊቀንስ ይችላል። አንድ ገመድ ሲሳብ ሌላው የሚወጠርበት ጉዳይ ነው።

የጎረቤት ሐቅ

ከዚህ ሁሉ እኛን በጣም ያሳሰበን አንድ ነገር አለ። ውኃ የመሬት ድንበር አያውቅም። ከኮረብታው ላይ ያለው ገበሬ ዛፍ ሲመነጥር ጨው የሚወጣው ከታች በጎረቤቱ ማሳ ሊሆን ይችላል። ከላይ ያለው ምርቱ አልተነካም፤ ከታች ያለው ግን ያላጠፋውን ይከፍላል። ከመሐል ያለው ጥልቅ ቦይ ቢቆፍር ደግሞ የጨው ውኃው የሚደፋው ከእርሱ በታች ባለው ጎረቤት ላይ ነው። በዚህ ምክንያት በምዕራብ አውስትራሊያ ሕግ መሠረት ጨዋማ ውኃ ለማንጠፍጠፍ የሚፈልግ ገበሬ ሥራውን ከመጀመሩ ቢያንስ 90 ቀን በፊት ለመንግሥት ማስታወቅ አለበት።

ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን ሕግ በየቦዩ አፍ ላይ ቆሞ አይጠብቅም። በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ የጎረቤት ሐቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ማስረዳት አያሻንም። አንድ ሰው በራሱ መሬት ላይ ያሻውን የማድረግ መብቱ ሌላውን ከመጉዳት በመለስ መሆኑንም ዑለሞቻችን ሲያስተምሩን ኖረዋል። የጨው ታሪክ የሚጨምርልን ነገር ቢኖር ጎረቤት ማለት አጠገባችን ያለው ብቻ አለመሆኑ ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በዚያው መሬት ላይ የሚቆመው ልጅም ጎረቤታችን ነው። እርሱ ዛሬ መጥቶ ሊከራከረን አይችልም። መሬት አማና ነው ስንል ይህንን ማለታችን ነው።

በአገራችንስ?

አገራችን ከዚህ ነፃ ናት ለማለት አንችልም። በአዋሽ ሸለቆ፣ በአፋር ምድር፣ በአሚባራና በመልካ ሰዲ የመስኖ እርሻዎች በተስፋፉ ጊዜ ለማጠጫው የታሰበውን ያህል ለማንጠፍጠፊያው አልታሰበም። ውኃው ከጥልቀቱ ተነሥቶ ወደ ገጽ ቀረበ፤ ጨውም ተከተለ፤ ጥጥ ይለቀምበት የነበረው ብዙ መሬት ተጣለ። መንሥኤው የተለየ ነው፤ እዚያ ዛፍ መቁረጥ፣ እዚህ ያለ ልክ ማጠጣት። ከመሬት በታች የሚሆነው ነገር ግን አንድ ነው።

ስለዚህ በመስኖ የሚያርሱ ወይም ቤተሰቦቻቸው የሚያርሱላቸው አንባቢዎቻችን የሚከተሉትን ቢያስተውሉ እንመክራለን።

ማሳው ሲደርቅ ጥግ ጥጉ ላይ ነጭ ነገር ይታያል? ባቄላና አተር ቀድመው እየሞቱ ገብሱ ብቻ ይቀራል? ይህ የመጀመሪያው ምልክት ነው፤ "ማዳበሪያ አንሶት ነው" ተብሎ አይታለፍ።

በአካባቢው ጉድጓድ ካለ ድንጋይ በታሰረበት ገመድ የውኃውን ጥልቀት በየወሩ ለክቶ በደብተር መጻፍ ቀላል ነው። ይህን ሥራ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ሊሠራው ይችላል። ውኃው ከዓመት ዓመት እየቀረበ ከመጣ የግብርና ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።

ውኃ ስለተገኘ ብቻ አይጠጣ። ከልክ ያለፈ ውኃ እህሉን አይጠቅምም፤ ወርዶ ጨውን ይቀሰቅሳል። በወንዝ ዳር እንኳ ሆኖ ውኃ ማባከን የተጠላ መሆኑን እናውቃለንና ይህ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም።

የማንጠፍጠፊያ ቦይ ሳይታሰብ የማጠጫ ቦይ አይቆፈር። መሬቱም ባዶውን አይተው፤ ገለባ እንኳ ቢለብስ ፀሐይ ውኃውን ስባ ጨውን ወደ ላይ የምታመጣበትን ፍጥነት ይቀንሳል።

መደምደሚያ

የዊትቤልት ገበሬዎች ጨውን ጨርሰው አላሸነፉም። በብዙ ሺህ ዓመታት የተከማቸ ነገር በአንድ ሰው ዕድሜ አይጠፋም። ዛሬ ጥበበኛ የሚባለው ገበሬ መሬቱን በሦስት የሚከፍለው ነው። የሚድነውን ለይቶ የሚያድን፣ ያልተነካውን የሚጠብቅ፣ የተበላሸውን ደግሞ ባለበት አቅም የሚያለብስ። በፊቅህ ኪታቦች "ኢሕያኡል መዋት"፣ የሞተ መሬትን ሕያው ማድረግ፣ የሚባል ርእስ አለ። ነጭ በሆነ ማሳ ላይ ቁጥቋጦ ተክሎ በጎቹን የሚያሰማራ ሰው ከዚህ ትርጉም የራቀ አይመስለንም።

ለወጣት አንባቢዎቻችን አንድ ጥያቄ ትተን እናብቃ። ያ የባቡር መሐንዲስ በ1924 እውነቱን ተናገረ፤ የሰማው ግን ጥቂት ነበር። ዛሬ በእኛ ሠፈር፣ በእኛ ወንዝ፣ በእኛ ማሳ ላይ እንዲሁ እየተነገረ የማንሰማው ነገር ይኖር ይሆን? ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ከወላጆቻችሁና ከአያቶቻችሁ ጋር ተወያዩበት። "ድሮ እዚህ ቦታ ምን ይበቅል ነበር? ምንጩስ የት ነበር?" ብላችሁ ጠይቋቸው። የምትሰሙት መልስ ከዚህ ጽሑፍ የበለጠ ሊያስተምራችሁ ይችላል።

አላህ (ሱ.ወ) መሬታችንን ይባርክልን፤ ከእጃችን የወጣውን ጥፋት በእጃችን የምናስተካክልበትን አቅምና ጊዜም ይስጠን። ወሏሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።